የትውልድ ቈጠራና የአንጀት ነቀርሳ

በአገራችን ትውልድ መቍጠር የታወቀ ዕውቀት ነው። ቀድሞ ባላባቱ ስለ ርስቱ፥ ደብተራው ስለ ታሪኩ አያት ቅድመ አያቱን እየጠራ ይቈጥር ነበር፤ ዛሬም ልጅ የሚድር ሰው ጋብቻው እንዳይፈርስበት እስከ ሰባት ቤት ያስቈጥራል። እገሌ የእገሌ ልጅ፥ እርሱም የእገሊት የልጅ ልጅ እየተባለ የሚወርደውን ሐረግ በቃላቸው የያዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሁንም አሉ። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ቈጠራ ውስጥ አንድ ነገር ጐድሎ ይገኛል፤ ይኸውም የተጠራው ሰው በስንት ዓመቱና በምን ሕመም እንደ ሞተ ነው። እኛ በፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ስንጽፍ የሟቹ ስም፥ የሞተበት ቀን፥ የወራሾቹ ቍጥር በጥንቃቄ ይጻፋል፤ የሞቱ ምክንያት ግን ክርክር ካላስነሣ በቀር የሚጠይቀው የለም። ቤቱና ገንዘቡ በምስክርና በሰነድ ተረጋግጦ ሲተላለፍ፥ በሥጋ የተላለፈው ውርስ ሳይጻፍ ይቀራል።

ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው በአንዳንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ከአባት ወይም ከእናት ወደ ልጅ ስለሚወርደው የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ነው። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ትልቁ አንጀት ማለት የምግቡ ትርፍ ውሃው ተመጦ ወደ ዐይነ ምድር የሚለወጥበት የሆድ ዕቃ ክፍል ነው። በውስጠኛው ግድግዳው ላይ አንዳንድ ጊዜ ትንንሽ ሥጋ ይበቅላል፤ አንዳንዱ እንደ ምስር ፍሬ ያለ፥ አንዳንዱም ግንድ አውጥቶ እንጉዳይ የሚመስል ነው። ሐኪሞች ፖሊፕ ይሉታል። ፖሊፕ ራሱ ነቀርሳ አይደለም፤ ብዙውም ሰውን ሳይጐዳ ይኖራል። ሆኖም የአንጀት ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእንዲህ ያለው ሥጋ ነው። ከትንሽ ፖሊፕ ተነሥቶ ነቀርሳ እስኪሆን ድረስ በብዙ ሰው ላይ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ፖሊፑ ተገኝቶ ከተቈረጠ ነቀርሳው ሳይጀምር ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እናስታውቃለን። በአንጀት ነቀርሳ ከሚታመሙት ሰዎች አብዛኞቹ በሽታውን ከወላጅ የወረሱ አይደሉም። በዘር መውረዱ በግልጥ የታወቀው ከመቶው 5 ያህሉ ነው። ስለዚህ አንድ የ75 ዓመት ሽማግሌ በዚህ ሕመም ቢሞት ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይሸበር ማለታችን አይደለም። የምንናገረው በአንድ ቤት ውስጥ ሞት በዚሁ መንገድ ደጋግሞ ሲመጣ፥ ይልቁንም በጎልማስነት ዕድሜ ሲመጣ ስላለው ነገር ነው።

በዘር ከሚወርዱት መካከል ሁለት ዐይነቶች ዋናዎቹ ናቸው። ፊተኛው በአንጀት ውስጥ ፖሊፕ በመቶና በሺሕ እየተቈጠረ የሚበቅልበት ነው። ሐኪሞች ፋሚሊያል አዴኖማተስ ፖሊፖሲስ ይሉታል፤ እኛ ስሙ ረጅም ስለ ሆነ የፖሊፕ ብዛት እንለዋለን። ከ10,000 ሰዎች በአንዱ ላይ ያህል ይገኛል። ፖሊፑ ብዙውን ጊዜ ልጁ 15 ወይም 16 ዓመት ሲሆነው መብቀል ይጀምራል፤ ልጁ ግን ምንም አይሰማውም፥ እንደ እኩዮቹ ይማራል ይጫወታል። ሳይታከም ከቀረ በ40 ዓመቱ አካባቢ ነቀርሳ መያዙ የማይቀር ነው፤ ከሺሑ ፖሊፕ አንዱ ቢለወጥ ለሞት ይበቃልና። በ1882 ሃሪሰን ክሪፕስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ይህንኑ ሕመም በአንድ ቤተ ሰብ ሁለት ሰዎች ላይ አይቶ ጽፏል።

ነገሩን በሚገባ የገለጠው ግን የመዝገብ ሥራ ነው። በሎንዶን በ1835 የተመሠረተ ሴይንት ማርክስ የተባለ የአንጀት ሕመም ሆስፒታል አለ። በዚያ ሎክሃርት ማመሪ የተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1924 ይህ ሕመም ያለባቸውን ቤተ ሰቦች በመዝገብ ማስያዝ ጀመረ፤ የተቈረጠውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ኩትበርት ዱክስም ተባበረው። የመዝገቡን ሥራ የያዘው ባሲ የተባለ ወጣት ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ገና በ17 ዓመቱ ለላቦራቶሪ ረዳትነት የተቀጠረ ነበር። እርሱም ሐኪም አልነበረም። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ስም ይጽፋል፤ አባቱና እናቱ በምን እንደ ሞቱ፥ ወንድሞቹና ልጆቹ የት እንደሚኖሩ ተጠይቆ የተገኘውን በየሐረጉ ያሰፍራል፤ ሐረጉም ከዓመት ወደ ዓመት ይረዝማል። በዚህ ሥራ እስከ ሽምግልናው ጸንቶ በ1970 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1975ም ስለዚሁ ሕመም መጽሐፍ አሳተመ። መዝገብ በመያዝ የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እኛም ደስ ብሎናል።

ከመዝገቡ የተገኘው ትምህርት ይህ ነው። ደም አይተው ወይም ሆዳቸውን ታመው ራሳቸው ወደ ሆስፒታል ከመጡት ሕመምተኞች ከግማሽ የሚበልጡት ነቀርሳው ጀምሯቸው ተገኙ። ምንም ሳይሰማቸው፥ ዘመዳቸው በመዝገብ ስለ ገባ ብቻ ተጠርተው ከተመረመሩት ግን ነቀርሳ የተገኘባቸው ጥቂቶች ናቸው። ደማቸው አንድ፥ ሕመማቸው አንድ ሲሆን፥ ሁለቱን ወገኖች የለያቸው መጠራታቸው ነበር።

አወራረዱም እንዲህ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ኤ.ፒ.ሲ. የተባለ ዘረ መል ሲበላሽ መሆኑ በ1991 ታወቀ። ሰው ሁሉ ይህን ዘረ መል ሁለት አድርጎ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ። የተበላሸ ያለበት ወላጅ ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስለሚሰጥ፥ የልጁ ነገር እንደ ዕጣ ግማሽ በግማሽ ነው። ዕጣውም ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ገና ይጣላል። የበኵር ልጅ ወርሶ ስለ ተገኘ ተከታዩ ይተርፋል ማለት አይደለም፤ ከአራት ልጆች አራቱም ሊወርሱ፥ አራቱም ሊተርፉ ይችላሉ። አባት ቢያወርስ እናት ብታወርስ፥ ልጁም ወንድ ቢሆን ሴት ብትሆን ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ በቤተ ዘመድ መካከል ከሚስት ወገን የመጣ ነው እየተባለ የሚሰነዘረው ወቀሳ በዚህ ላይ ቦታ አያገኝም። ያልወረሰው ልጅ ለልጆቹ የሚያስተላልፈው ስለሌለ፥ ምርመራው እርሱን ነጻ ሲያወጣ ከእርሱ የሚወለዱትንም አብሮ ነጻ ያወጣቸዋል። ከአራት ሕመምተኞች በአንዱ ያህል ላይ ግን ብልሽቱ ከወላጅ ሳይመጣ በራሱ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሰው በዘራችን የለም ቢል እውነቱን ነው፤ ከእርሱ በኋላ ግን ለልጆቹ በዚያው በግማሽ ዕጣ ይወርዳል።

አንዳንድ ጊዜ የፖሊፕ ብዛት ከአንጀት ውጭ ምልክት ይሰጣል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤልደን ጋርድነር የተባለ የአሜሪካ መምህር በዩታ አገር አንድን ቤተ ዘመድ መርምሮ በመንጋጋና በራስ ቅል አጥንት ላይ የሚወጣ ጠንካራ እብጠት፥ ከቆዳ በታችም የሚገኝ ዕባጭ ከአንጀቱ ፖሊፕ ጋራ አብሮ እንደሚወርድ ገልጧል። ትርፍ ጥርስም ይታያል። ይህ በብዙዎች ላይ የሚገኝ ባይሆንም፥ ሐኪም ጠይቆ የሚያውቀው ነው።

ሁለተኛው ዐይነት ከፊተኛው ይልቅ ስውር ነው። ፖሊፑ ጥቂት ስለሆነ ሐኪሙን እንኳ ሊያታልለው ይችላል፤ ከፖሊፕ ወደ ነቀርሳ የሚለወጥበትም ጊዜ እጅግ ያጠረ ነው፤ 10 ዓመት ያህል የነበረው ወደ 2 እና 3 ዓመት ይወርዳል። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። በ1895 በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አልድሬድ ዋርቲን የተባለው ሐኪም ይህችን ሴት አገኛት። እርሷም ከዘመዶቿ ብዙዎቹ በሆድ ዕቃና በማሕፀን ነቀርሳ ስለ ሞቱ፥ እርሷም በዚያው መንገድ ሳትሸመግል እንደምትሞት ነገረችው። በዚያን ጊዜ ጤነኛ ትመስል ነበር። በኋላም እንደ ፈራችው በማሕፀን ነቀርሳ ሞተች። ሌላ ሐኪም ቢሆን የፈሪ ሴት ወሬ ነው ብሎ ባለፈው ነበር፤ ዋርቲን ግን ቃሏን ተቀብሎ ሐረጓን ማስቈጠር ጀመረ። በ1913 ያገኘውን አሳተመ፤ ቤተ ዘመዱንም የስማቸውን ምስጢር ለመጠበቅ ቤተ ሰብ ጂ ብሎ ጠራቸው። ትውልዳቸው ከጀርመን አገር ፈልሶ በሚሺጋን የሰፈረ ነው። በ2005 የታተመ ጽሑፍ ከዚህ አንድ ግንድ የወረዱትን 929 ሰዎች ዘርዝሯል።

ከዋርቲን በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተዘነጋ። ሄንሪ ሊንች የተባለ ሐኪም በነብራስካ አገር በኦማሃ ከተማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ በመጠጥ የተጐዳ ሕመምተኛ አገኘ። ሰውዬው የሚጠጣው ዘመዶቹ ሁሉ በአንጀት ነቀርሳ ስላለቁ እርሱም እንደማይቀርለት በማመኑ እንደ ሆነ ነገረው። ሊንችም እንደ ዋርቲን ሐረጉን ማስቈጠር ያዘ፤ በ1966 ስለ ሁለት ትልልቅ ቤተ ዘመዶች ጽፎ አሳተመ። በዚያ ዘመን ነቀርሳ በዘር ይወርዳል ቢባል የሚያምን ጥቂት ስለ ነበረ፥ ለምርምሩ የጠየቀው ገንዘብ ተከለከለ። እርሱ ግን ዘመዶችን በአንድነት እየሰበሰበ፥ ሐረጋቸውን በፊታቸው ዘርግቶ እያስረዳ ቀጠለ። በ1993 እና በ1994 ሕመሙን የሚያመጡት ዘረ መሎች ሲገኙ እውነተኛነቱ ተረጋገጠ፤ ዛሬም ሕመሙ በስሙ የሊንች ሕመም ይባላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከ300 ሰዎች አንዱ ያህል እንደሚይዘው ይገመታል። ሊንች በ2019 ሞተ።

የእነዚህ ዘረ መሎች ሥራ በቤተ ክህነት ለተማረ አንባቢ በቀላሉ የሚገባ ነው። የሰውነታችን ሕዋስ በተከፈለ ቍጥር በውስጡ ያለው ረጅም ጽሑፍ ይገለበጣል፤ በግልባጩም ላይ እንደማንኛውም ቍም ጸሐፊ ስሕተት ይገባል። እነዚህ ዘረ መሎች አራሚዎች ናቸው። አራሚው ከጠፋ ስሕተቱ በግልባጭ ላይ ግልባጭ እየተጨመረ ይበዛል፤ በመጨረሻም ሕዋሱ ሥርዓቱን ለቆ ያለ ልክ ያድጋል። ብልሽቱን ከወረሱት መካከል ግን የማይታመሙም አሉ፤ ስለዚህ የሊንች ሕመም አንድ ትውልድ የዘለለ ሊመስል ይችላል።

ቈጠራውን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። በሊንች ሕመም አንዱ ዘመድ በአንጀት፥ ሌላይቱ በማሕፀን፥ ሦስተኛው በጨጓራ ነቀርሳ ሊሞት ይችላል፤ ሁሉም ግን ከአንድ ብልሽት የመጡ ናቸው። በቤተ ሰብ ጂ እንኳ በቀደሙት ትውልዶች የጨጓራው በዝቶ ሲገኝ፥ በኋለኞቹ ያ ቀንሶ የአንጀቱ በርክቷል። እንግዲህ አክስቴ የሞተችው በማሕፀን ነው፥ አባቴ ግን በአንጀት ነው፥ ምን ያገናኛቸዋል ብሎ ማለፍ አይገባም። በ1990 በአምስተርዳም የተሰበሰቡ ሐኪሞች ለቤተ ዘመድ ምርመራ አንድ ልክ አቁመዋል፤ በቃል ለመያዝ ሦስት፥ ሁለት፥ አንድ ይባላል። በአንጀት ነቀርሳ የታመሙ ሦስት ዘመዶች ካሉ፥ ከእነርሱም አንዱ ለሁለቱ ወላጅ፥ ልጅ፥ ወንድም ወይም እኅት ከሆነ፥ በሁለት ተከታታይ ትውልድ ከታየ፥ ቢያንስ አንዱም 50 ዓመት ሳይሞላው ከታመመ፥ ያ ቤት ሊመረመር ይገባዋል። በኋላ ልኩ ሰፍቶ የማሕፀኑም እንዲቈጠር ተደርጓል።

ሰባት ቤት መቍጠራችንስ ከዚህ አያድነንም ወይ የሚል ይኖራል። ከፊሉን ያድነናል። በ2002 ከእንግሊዝ አገር አንድ ቤተ ሰብ፥ ሦስት ወንድማማችና እኅትማማች ታመው ተገኝተው፥ ሙዊቲዋይኤች የተባለ ሌላ ዘረ መል ታወቀ። ይህኛው ልጁን የሚያሳምመው ከአባትም ከእናትም ሁለቱ የተበላሹ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ዘመድና ዘመድ ሲጋቡ እንዲህ ያለው መገናኘት ስለሚቀልል፥ አባቶቻችን ሰባት ቤት ማስቈጠራቸው በዚህ በኩል ጥበብ ነበረበት። የፖሊፕ ብዛትና የሊንች ሕመም ግን አንድ ወላጅ ብቻውን የሚያወርሳቸው ስለ ሆኑ፥ ከሰባት ቤት ወዲያ የመጣች ሙሽራ አትከለክላቸውም።

በአገራችን ይህን ነገር ከባድ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ጋብቻ ሲጠየቅ ሥጋ ደዌ በዘሩ አለ ወይ ብሎ በስውር የሚያጣራ ብዙ ነው፤ ሥጋ ደዌ ግን በተሕዋሲ የሚመጣ እንጂ ከወላጅ የሚወረስ እንዳልሆነ ሃንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም ተሕዋሲውን ካገኘበት ከ1873 ጀምሮ የታወቀ ነው። በእውነት የሚወረሰው የአንጀት ነቀርሳ ግን ሳይጠየቅ ያልፋል። የሚያውቁትም ቢሆኑ የልጃችን ጋብቻ ይፈርሳል ብለው ዝም ይላሉ፤ ሟቹ በሆድ ሕመም ሞተ ተብሎ ይቀበራል። በእኛ አሳብ ለእጮኛ መንገር ይገባል፤ ከዚያም በፊት ለገዛ ልጅ። ሰው ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዶ ከጨረሰ በኋላ የአባቱን ሞት ምክንያት ከለቅሶ ላይ ሲሰማ፥ ወላጆቹን ቢወቅስ አይፈረድበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለውም ለብቻው ለሚታመመው ሰው ነበር፤ እዚህ ግን የአንዱ መደበቅ የወንድሞቹንና የልጆቹን መድኃኒት ጭምር ይደብቃል።

ሌላው መሰናክል ኪንታሮት የሚለው ስም ነው። ከፊንጢጣ ደም የታየበት ሰው ሁሉ ኪንታሮት ነው ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳል፤ ሆዱን ሲቈርጠው ኮሶ ይጠጣል፤ እንዲህ ሲል ዓመት ያልፋል። በእርግጥም የብዙው ሰው ደም ከኪንታሮት ነው። ነገር ግን ደሙ ሲደጋገም፥ የሆድ ልማድ ሲለወጥና ለሳምንታት ሳይመለስ ሲቀር፥ ሰውነት ያለ ምክንያት ሲከሳ፥ ደም አንሶ ድካም ሲበረታ ሐኪም ሳያይ ኪንታሮት ነው ማለት አይቻልም። በቤቱ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ምልክቱን ሊጠብቅ አይገባውም።

ምርመራው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። አንጀቱ አስቀድሞ በሚጠጣ መድኃኒት ይታጠባል፤ ከዚያም በጫፉ መብራትና መነጽር ያለበት ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ ግድግዳውን ሁሉ ያሳያል። ሺንያና ዎልፍ የተባሉ ሐኪሞች በ1969 በኒው ዮርክ በዚህ መሣሪያ የሽቦ ቀለበት አስገብተው ሆድ ሳይከፈት ፖሊፕ መቍረጥ ጀመሩ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ይሠራል። ኀፍረት የሚሰማው ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ሐኪሙ ግን በቀን ስንቱን እንደሚያይ ያሰበ ሰው ኀፍረቱ ይቀልለታል።

የፖሊፕ ብዛት ባለበት ቤት ልጆች ከ10 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ጀምረው በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ፖሊፑ ሲበዛ አንድ በአንድ መቍረጥ ስለማይቻል፥ ብዙውን ጊዜ በ20 ዓመት አካባቢ ትልቁ አንጀት በቀዶ ጥገና ይወጣል። ይህ ሲነገር ያስደነግጣል። ነገር ግን ፓርክስና ኒኮልስ የተባሉ የዚያው የሴይንት ማርክስ ሐኪሞች በ1978 ከቀጭኑ አንጀት ከረጢት ሠርተው በቦታው መተካት ስለ ጀመሩ፥ እንዲህ የተደረገለት ሰው በሆዱ ላይ ከረጢት ሳይሸከም እንደ ልማዱ ይጸዳዳል፥ ሥራውን ይሠራል፥ ያገባል ይወልዳል። የሊንች ሕመም ባለበት ቤት ደግሞ ምርመራው በብዙዎቹ ከ20 እስከ 25 ዓመት ጀምሮ በየአንዱ ወይም በየሁለቱ ዓመት ነው። ዘረ መሉ ሳይታወቅ አባት ወይም ወንድም በ45 ዓመቱ በአንጀት ነቀርሳ ታምሞ እንደ ሆነ፥ ልጁ ወይም ወንድሙ ከ10 ዓመት ቀድሞ፥ ማለት በ35 ዓመቱ ምርመራ ይጀምር የሚል ልማድ ሐኪሞች አላቸው።

ጥቅሙ በቍጥር ተፈትኗል። በፊንላንድ አገር የሊንች ሕመም ካለባቸው ቤተ ሰቦች 133 ሰዎች በየ3 ዓመቱ ሲመረመሩ፥ 119ኙ ምርመራውን ሳይቀበሉ ቀርተው፥ ሁለቱም ወገኖች 15 ዓመት ታዩ። በ2000 የታተመው ውጤት ከተመረመሩት 8ቱ፥ ካልተመረመሩት 19ኙ የአንጀት ነቀርሳ እንደ ያዛቸው ይናገራል፤ በዚሁ ነቀርሳ ከተመረመሩት አንድም አልሞተም፥ ካልተመረመሩት ግን 9 ሞቱ። በ2011 ደግሞ የሊንች ሕመም ባለባቸው 861 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፥ በቀን 600 ሚሊግራም አስፕሪን ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የዋጡት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነቀርሳው በእነርሱ ላይ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። አስፕሪን ጨጓራን ስለሚያደማ፥ ሐኪም ሳያዝ ከመደብር ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

የዘረ መል ምርመራ በአገራችን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን የሴይንት ማርክስ መዝገብ ሲጀመር ዘረ መሉ ሊታወቅ ገና 67 ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ሥራውም የተሠራው በወረቀትና በቀለም ነው። ቤተ ዘመድ ለተዝካር ወይም ለሠርግ ሲሰበሰብ አንድ ጽሕፈት የሚያውቅ ልጅ ከባልቴቶቹ አጠገብ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሟች ስም፥ የሞተበትን ዕድሜ፥ የታመመውን የሰውነት ክፍል ይጻፍ። ነቀርሳ የሚለው ስም ባይነገረውም፥ ደም ያየ ነበር፥ ሆዱ ተነፍቶ ነበር፥ ከስቶ ነበር የሚለውን ቃል እንደ ተነገረው ያስፍር፤ ሐኪም ከዚያ ያወጣዋል። የእናት ወገን እንደ አባት ወገን እኩል ይጻፍ። የወረቀቱ ግልባጭ በእያንዳንዱ ወንድም ቤት ይቀመጥ፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰውም ይዞት ይግባ።

በሚመጣው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት ጥርስ አጠባበቅ እንጽፋለን።